የከርነል ራስጌ ፋይሎች አጠቃቀም ክርክር

የከርነል ራስጌ ፋይሎች ማለት የስርዓተ ክወና እምብርት የሆነው ከርነል ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚግባባባቸውን ቁጥሮች፣ ስሞችና የመረጃ ቅርጾች የያዙ የምንጭ ኮድ ፋይሎች ናቸው። አንድ ተራ ፕሮግራም እነዚህን ፋይሎች በቀጥታ ሊጠቀም ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ከተጠቀመስ የከርነሉ የቅጂ መብት ፈቃድ ፕሮግራሙን ያስገድደዋል ወይ? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ የሶፍትዌር ገንቢዎችንና የሕግ ባለሙያዎችን ሲያከራክሩ ቆይተዋል። ክርክሩ በአብዛኛው የሊኑክስን ከርነል ይመለከታል፤ ሊኑክስ በሰርቨሮች፣ በአንድሮይድ ስልኮችና በልዩ ልዩ የኔትወርክ መሣሪያዎች ውስጥ ስለሚሠራ ውጤቱ የብዙ ሰዎችን ሥራ ይነካል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንነት

በሲ ቋንቋ የሚጻፍ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በበርካታ ፋይሎች ይከፋፈላል፤ ኮምፓይለሩም እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻው ይተረጉማል። አንዱ ፋይል በሌላው ውስጥ ያለን ተግባር ለመጥራት የተግባሩን ስም፣ የሚቀበላቸውን የመረጃ ዓይነቶችና የሚመልሰውን ውጤት አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ይህ መግለጫ ተለይቶ የሚቀመጥበት ፋይል ራስጌ ፋይል ይባላል፤ በእንግሊዝኛ አጠራሩ «ሄደር» ብለው የሚጠሩትም ብዙ ናቸው። ፕሮግራም ጸሐፊው «ኢንክሉድ» የሚለውን ትእዛዝ ሲጽፍ ቅድመ አዘጋጁ የራስጌ ፋይሉን ይዘት ቃል በቃል ወስዶ በፕሮግራሙ ውስጥ ይገለብጠዋል። የቴክኒኩም ሆነ የሕጉ ክርክር መነሻ ይህ መገልበጥ ነው።

በአንድ ራስጌ ፋይል ውስጥ በተለምዶ አራት ዓይነት ነገሮች ይገኛሉ።

1. ቋሚ ቁጥሮች። ለምሳሌ በሊኑክስ የስህተት ቁጥር 2 «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ማለት ሲሆን ቁጥር 13 «ፈቃድ የለህም» ማለት ነው።
2. የመረጃ ቅርጾች። የትኛው መረጃ በስንት ባይት፣ በየትኛው ቅደም ተከተል እንደሚቀመጥ ይገልጻሉ።
3. የተግባር መግለጫዎችና ማክሮዎች።
4. በራስጌው ውስጥ ሙሉ በሙሉ የተጻፉ አጫጭር ተግባራት። እነዚህ መግለጫ ብቻ ሳይሆኑ የሚሠራ ኮድ ናቸው።

ከርነሉ ማኅደረ ትውስታን፣ ዲስክን፣ ኔትወርክንና ሌሎች መሣሪያዎችን ይቆጣጠራል። ተራ ፕሮግራም እነዚህን በራሱ ሊነካ ስለማይችል ከርነሉን በሥርዓት ጥሪ ይጠይቃል። እያንዳንዱ የሥርዓት ጥሪ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም እንደ ፕሮሰሰሩ ዓይነት ይለያያል። መረጃ የመጻፍ ጥሪ በባለ 32 ቢት የኢንቴል ፕሮሰሰር ቁጥሩ 4፣ በኤክስ86-64 ቁጥሩ 1፣ በኤአርኤም64 ደግሞ 64 ነው። ፕሮግራሙ ትክክለኛውን ቁጥር የሚያገኘው ከራስጌ ፋይል ነው፤ የተሳሳተ ቁጥር ከያዘ ከርነሉ ያልተጠየቀ ሌላ ሥራ ይሠራል።

የከርነል ራስጌዎች ሁለት ወገን ናቸው። ውጫዊዎቹ ከርነሉ ለተራ ፕሮግራሞች የገባውን ቃል ይይዛሉ። ውስጣዊዎቹ የከርነሉ ክፍሎች እርስ በርስ የሚግባቡባቸው ሲሆኑ ከርነሉ ውስጥ ገብተው ለሚሠሩ ሞጁሎች ብቻ ያገለግላሉ። በኡቡንቱና በዴቢያን ስርጭቶች የመጀመሪያዎቹ «ሊኑክስ-ሊብሲ-ዴቭ» በሚባለው ጥቅል፣ ሁለተኛዎቹ ደግሞ «ሊኑክስ-ሄደርስ» በሚል ስም በሚጀምሩ ጥቅሎች ይሰራጫሉ። ጀማሪዎች ሁለቱን ማምታታታቸው የተለመደ ነው።

የቴክኒክ ክርክር

የቀድሞው አሠራር

በሊኑክስ የመጀመሪያ ዓመታት በሁለቱ ወገኖች መካከል ግልጽ ድንበር አልነበረም። የተራ ፕሮግራሞች ራስጌዎች በሚቀመጡበት ማውጫ ውስጥ «ሊኑክስ» እና «ኤኤስኤም» የተባሉ ሁለት አቋራጮች ነበሩ፤ እነርሱም በቀጥታ ወደ ከርነሉ ምንጭ ኮድ ያመለክቱ ነበር። ባለቤቱ አዲስ ከርነል ባወረደና የምንጭ ኮዱን በለወጠ ቁጥር የሁሉም ፕሮግራሞች ራስጌዎች አብረው ይለወጡ ነበር። በከርነሉ ውስጥ አንድ ቅርጽ ሲሻሻል ትናንት በትክክል ይተረጎም የነበረ ፕሮግራም ዛሬ አልተረጎምም ይላል፤ ወይም ይባስ ብሎ ያለ ምንም ስህተት ይተረጎምና ሲሠራ ይበላሻል።

በከርነሉና በፕሮግራሞች መካከል የሲ ላይብረሪ የሚባል ሶፍትዌር አለ። በአብዛኞቹ የሊኑክስ ስርጭቶች ይህ ሶፍትዌር ጂሊብሲ ነው። ላይብረሪው ራሱ በተተረጎመበት ቀን የነበሩትን የከርነል ራስጌዎች ይዞ ይኖራል። ፕሮግራሙ ከላይብረሪው የተለየ የራስጌ ስሪት ከተጠቀመ ሁለቱ ስለ አንድ መረጃ ቅርጽ የተለያየ ግንዛቤ ይኖራቸዋል። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2000 ይህንኑ ምክንያት ጠቅሶ አቋራጮቹ እንዲቀሩ አሳሰበ። በእርሱ አስተያየት ተራ ፕሮግራሞች ሊጠቀሙ የሚገባው ኮምፒውተሩ ላይ እየሠራ ያለውን ከርነል ራስጌ ሳይሆን ላይብረሪው የተተረጎመበትን ራስጌ ነው።

የቅርጽ ግጭቶች

ከርነሉና ላይብረሪው ለአንድ ነገር አንድ ዓይነት ስም ሰጥተው መጠኑን ግን ለየብቻ የወሰኑባቸው ቦታዎች አሉ። ታዋቂው ምሳሌ የሲግናሎች ስብስብ ነው። በኤክስ86-64 ከርነሉ ለዚህ ስብስብ 8 ባይት ይመድባል፤ ጂሊብሲ ደግሞ ለወደፊት ማስፋፊያ በማሰብ 128 ባይት መድቦለታል። የከርነሉን ራስጌ የተጠቀመ ፕሮግራም 8 ባይት አዘጋጅቶ የላይብረሪውን ተግባር ቢጠራ፣ ላይብረሪው 128 ባይት ሊጽፍ ይችላል። ትርፉ 120 ባይት በሌላ መረጃ ላይ ይጻፋል ማለት ነው።

በኔትወርክ ራስጌዎች ላይም ተመሳሳይ ችግር ነበር። የአይፒ ስሪት 6 አድራሻ ቅርጽ በከርነሉም በጂሊብሲም ራስጌዎች ስለሚገለጽ ሁለቱን አብሮ የጠራ ፕሮግራም «ሁለት ጊዜ ተገልጿል» የሚል ስህተት ይገጥመው ነበር። በ2013 ከርነሉ ውስጥ ይህን የሚያስታርቅ ራስጌ ተጨመረ። መፍትሔው ግን ሙስል የተባለውን ሌላ የሲ ላይብረሪ የሚጠቀሙ ገንቢዎችን ቅር አሰኘ፤ ምክንያቱም ማስታረቂያው በዋነኛነት የተጻፈው ጂሊብሲን ታሳቢ አድርጎ ነበር።

የ2038 ዓመት ችግርም ከዚህ ጋር ይያያዛል። በባለ 32 ቢት ሥርዓቶች ጊዜ የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ሲሆን፣ ቁጥሩ በጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይሞላል። ለዚህም የሊኑክስ 5.1 ከርነል በ2019 ባለ 64 ቢት ጊዜ የሚቀበሉ አዳዲስ የሥርዓት ጥሪዎችን አመጣ። በላይብረሪው በኩል የሚያልፉ ፕሮግራሞች እንደገና በመተርጎም ብቻ ወደ አዲሱ ጊዜ ሊሸጋገሩ ይችላሉ። ከከርነሉ ራስጌ ላይ የድሮውን ቁጥር ወስደው በቀጥታ የሚጠሩ ፕሮግራሞች ግን አዲሱን ባለ 64 ቢት ቅርጽ ለድሮው ባለ 32 ቢት ጥሪ ሊያቀብሉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ስህተቱን ፈልጎ ማግኘት የፕሮግራሙ ጸሐፊ ኃላፊነት ይሆናል።

በቀጥታ ለመጠቀም የሚቀርቡ ምክንያቶች

በሌላው ወገን ያሉ ገንቢዎች «ላይብረሪውን ብቻ ተጠቀሙ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ አይሠራም ይላሉ። ዋነኛው ምክንያት ላይብረሪው ከከርነሉ ወደ ኋላ መቅረቱ ነው። አስተማማኝ የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠው «ጌትራንደም» የተባለው የሥርዓት ጥሪ ወደ ከርነሉ የገባው በ2014 ሲሆን በጂሊብሲ ውስጥ የተካተተው በ2017 ነው። የአንድን ክር መለያ ቁጥር የሚመልሰው «ጌትቲአይዲ» ደግሞ ከ2001 ጀምሮ በከርነሉ ውስጥ ቢኖርም ጂሊብሲ ተግባሩን ያቀረበው በ2019 ነበር። በእነዚህ ዓመታት ፈልጎ የቸገረው ገንቢ ቁጥሩን ከከርነሉ ራስጌ ወስዶ በቀጥታ ከመጥራት በቀር ምርጫ አልነበረውም። የጂሊብሲ ገንቢዎች በበኩላቸው አንድ ተግባር አንዴ ከተጨመረ ለዘለዓለም መጠበቅ ስላለበት መቸኮል አይገባም ሲሉ ተከራክረዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ላይብረሪው ጨርሶ የማይነካቸው መስኮች መኖራቸው ነው። የድምፅ፣ የካሜራ፣ የቁልፍ ሰሌዳና የግራፊክስ መሣሪያዎችን የሚቆጣጠሩት ትእዛዞች የሚገኙት በከርነሉ ራስጌዎች ብቻ ነው። የኔትወርክ መሣሪያዎችን የሚያዋቅር ፕሮግራምም ያለ እነርሱ ሊጻፍ አይችልም።

በመካከል ያለው ሦስተኛ መንገድ የሚፈለጉትን ራስጌዎች ገልብጦ ከራስ ምንጭ ኮድ ጋር ማስቀመጥ ነው። ኪውኢሙ የተባለው የኮምፒውተር አስመሳይ፣ የአይፒሩት2 የኔትወርክ መሣሪያዎችና በገመድ አልባ ግንኙነት የሚታወቀው የደብልዩፒኤ ሰፕሊካንት ፕሮግራም እንዲህ ያደርጋሉ። ጥቅሙ ፕሮግራሙ በማንኛውም ኮምፒውተር ላይ ከታወቀ የራስጌ ስሪት ጋር መተርጎሙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቅጂው በየጊዜው ካልታደሰ ማርጀቱ ነው።

ራስጌዎቹን የመለየት ሥራ

ለረጅም ጊዜ ውጫዊውና ውስጣዊው ክፍል በአንድ ፋይል ውስጥ ተደባልቀው ይኖሩ ነበር። ለከርነሉ ብቻ የሚሆነው ክፍል በልዩ ምልክት ይታጠር የነበረ ቢሆንም አጥሩ በየቦታው ይረሳ ነበር። ስለዚህ የየስርጭቱ አዘጋጆች ራስጌዎቹን በእጅ እያጸዱ ማቅረብ ጀመሩ። በፖላንዱ ፒኤልዲ ስርጭት ውስጥ የሚሠራው ማሪዩሽ ማዙር ለ2.6 ከርነሎች የተጣሩ ራስጌዎችን ያዘጋጅ ነበር፤ ሌሎች ስርጭቶችም የእርሱን ሥራ ተጠቅመዋል። ሥራው ግን ከአንድ ሰው አቅም በላይ ነበር።

በ2006 በወጣው 2.6.18 ከርነል ዴቪድ ውድሃውስ ያቀረበው ዘዴ ተካተተ። በዚህ ዘዴ ከርነሉ ራሱ የሚላኩትን ፋይሎች ለይቶ፣ የውስጡን ክፍል ቆርጦ ንጹሕ ራስጌዎችን ያወጣል። ቀጥሎ ዴቪድ ሃወልስ ፋይሎቹን ከነጭራሹ ለሁለት የመክፈል ሐሳብ አቀረበ። ሥራው በዲሴምበር 2012 በወጣው 3.7 ከርነል ውስጥ ገባ፤ ውጫዊዎቹ ራስጌዎችም «ዩኤፒአይ» ወደተባለ ማውጫ ተዛወሩ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ማውጫ ላይ የሚደረግ ለውጥ ሁሉ ለተራ ፕሮግራሞች በተገባ ቃል ላይ የሚደረግ ለውጥ መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው።

ሞጁሎችና የውስጥ ራስጌዎች

ሊኑክስ ለተራ ፕሮግራሞች ጥብቅ ደንብ አለው፤ ትናንት ይሠራ የነበረን ፕሮግራም የሚያበላሽ የከርነል ለውጥ እንደ ጥፋት ይቆጠራል። ለውስጥ ራስጌዎች ግን እንዲህ ያለ ቃል የለም። ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን በጻፈውና ከከርነሉ ሰነዶች ጋር በሚሰራጨው ማብራሪያ መሠረት፣ የውስጡን ግንኙነት ማጽናት የድሮ ስህተቶችን ለዘለዓለም መሸከም ማለት ነው። ስለዚህ ለአንድ የከርነል ስሪት የተተረጎመ ሞጁል ለሚቀጥለው ላይሠራ ይችላል።

ይህ አቋም የሃርድዌር አምራቾችን አያስደስትም። ነጂ ሶፍትዌራቸው ከከርነሉ ውጭ የሚኖር አምራቾች በየስሪቱ ኮዳቸውን ማስተካከል ይኖርባቸዋል። የከርነሉ ገንቢዎች መልስ «ነጂውን ወደ ከርነሉ አስገቡት፤ ከዚያ በኋላ ራስጌ የሚለውጠው ሰው ነጂያችሁንም አብሮ ያስተካክላል» የሚል ነው። በመሃል የቆመው መፍትሔ ዲኬኤምኤስ የተባለው መሣሪያ ነው። ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሞጁሉን ከአዲሶቹ ራስጌዎች ጋር በራሱ እንደገና ይተረጉመዋል፤ ለዚህ ግን ከሚሠራው ከርነል ጋር ፍጹም የሚገጥሙ ራስጌዎች በኮምፒውተሩ ላይ መኖር አለባቸው።

ራስጌዎቹን ለማግኘት ያለው ችግር ሌላም ክርክር ወልዷል። የከርነሉን እንቅስቃሴ የሚከታተሉ የቢፒኤፍ ፕሮግራሞች በመጀመሪያ የሚተረጎሙት እዚያው በሚሠሩበት ኮምፒውተር ላይ ከውስጥ ራስጌዎች ጋር ነበር። በስልኮችና በብዙ ሰርቨሮች ላይ ራስጌዎቹ ስለማይገኙ፣ በ2019 በወጣው 5.2 ከርነል ራስጌዎቹን ጨምቆ በከርነሉ ውስጥ ማሸግ የሚያስችል ምርጫ ተጨመረ። ማኅደረ ትውስታ ያባክናል ሲሉ የተቃወሙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተስፋፋው ሌላ ዘዴ ከርነሉ የቅርጾቹን መግለጫ ብቻ በአጭሩ ይዞ፣ ፕሮግራሙ ሲጫን ልዩነቱን አይቶ እንዲስተካከል ያደርጋል፤ በዚህ ጊዜ የራስጌ ፋይል አያስፈልግም።

የራስጌዎቹ ብዛትና መጠላለፍ የከርነሉን ገንቢዎች ራሳቸውን ያስቸግራል። አንዱ ራስጌ ሌላውን፣ ያኛው ደግሞ ሌላውን ስለሚጠራ አንድ ትንሽ ፋይል ለመተርጎም ብዙ ሺህ መስመር ይነበባል። ኢንጎ ሞልናር በጃንዋሪ 2022 ይህን መረብ የሚፈታ ከ2,200 በላይ ለውጦች የያዘ ሥራ ያቀረበ ሲሆን፣ የመተርጎሙን ፍጥነት ከ50 እስከ 80 በመቶ እንደሚያሻሽል ገልጿል። የለውጡን ጥቅም ብዙዎች ቢቀበሉም መጠኑ ለመመርመር አስቸጋሪ በመሆኑ በአንድ ጊዜ አልገባም።

የሕግ ክርክር

የጂፒኤል ፈቃድና የተራ ፕሮግራሞች ልዩነት

የሊኑክስ ከርነል የሚሰራጨው በጂፒኤል ስሪት 2 ፈቃድ ነው። በዚህ ፈቃድ መሠረት ከከርነሉ የተወለደ ሥራ የሚያሰራጭ ሰው ያንን ሥራ ከነምንጭ ኮዱ በዚያው ፈቃድ ማቅረብ አለበት። የራስጌ ፋይል ይዘት በፕሮግራሙ ውስጥ የሚገለበጥ ከሆነ ፕሮግራሙ ከከርነሉ የተወለደ ሥራ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። መልሱ አዎን ቢሆን ኖሮ በሊኑክስ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ፕሮግራም ምንጩን የመግለጥ ግዴታ ሊኖርበት በቻለ ነበር።

ቶርቫልድስ ይህን ስጋት ለማስወገድ ከፈቃዱ ጋር አንድ ማስታወሻ አያይዟል። ማስታወሻው የከርነሉን አገልግሎት በተለመደው የሥርዓት ጥሪ የሚጠቀሙ ተራ ፕሮግራሞች የተወለደ ሥራ ተብለው እንደማይቆጠሩ ያስረዳል። በ2017 መጨረሻ በከርነሉ ፋይሎች ላይ አጭር የፈቃድ ምልክት ሲለጠፍ፣ ውጫዊዎቹ ራስጌዎች ይህን ማስታወሻ የሚጠቅስ ምልክት ተሰጣቸው። ሞጁሎች ግን በማስታወሻው አልተሸፈኑም። ቶርቫልድስ በ2003 በሰጠው አስተያየት ሞጁሎች በመርሕ ደረጃ የተወለዱ ሥራዎች እንደሆኑ፣ ሆኖም ለሌላ ስርዓተ ክወና አስቀድሞ ተጽፎ ወደ ሊኑክስ የተዛወረ ሥራ በተለየ ሁኔታ ሊታይ እንደሚችል ገልጿል፤ ለዚህም ኤኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት እንደ ምሳሌ ጠቅሷል።

ኤንቪዲያ የግራፊክስ ነጂውን ለረጅም ዓመታት በሁለት ከፍሎ ያሰራጭ ነበር። ዋናው ክፍል በዝግ ሲቀርብ፣ ቀጭኑ አገናኝ ክፍል በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ከከርነሉ ራስጌዎች ጋር ይተረጎማል። ይህ ከፈቃዱ ጋር ይስማማል አይስማማም በሚለው ላይ የከርነሉ ገንቢዎች ተከፋፍለው ቆይተዋል። ኩባንያው በሜይ 2022 የከርነል ሞጁሎቹን ምንጭ ኮድ በነጻ ፈቃድ አውጥቷል።

የኤስሲኦ ክስ

ኤስሲኦ የተባለው ኩባንያ የዩኒክስ ኮድ ያለ ፈቃድ ወደ ሊኑክስ ገብቷል በማለት በማርች 2003 አይቢኤምን ከሰሰ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ለሊኑክስ ተጠቃሚ ድርጅቶች በላከው ደብዳቤ ደግሞ ከ65 በላይ የራስጌ ፋይሎች የእርሱ ንብረት እንደሆኑ ገለጸ። ከዝርዝሩ ውስጥ የስህተት ቁጥሮችና የሲግናሎች ስሞች የሚገኙባቸው ፋይሎች ነበሩ። ቶርቫልድስ ከተጠቀሱት ፋይሎች አንዳንዶቹን በሊኑክስ የመጀመሪያ ጊዜ እርሱ ራሱ እንደጻፋቸው መልስ ሰጠ። የስህተት ቁጥሮቹ የሚመሳሰሉት ፕሮግራሞች በሁለቱም ሥርዓቶች እንዲሠሩ ስለሚፈለግ እንደሆነም ተከራካሪዎች አስረዱ። በ2010 የአሜሪካ ዳኞች ጉባኤ የዩኒክስ ቅጂ መብት የኖቬል እንጂ የኤስሲኦ እንዳልሆነ ወሰነ፤ ከአይቢኤም ጋር የነበረው ክርክርም በ2021 በስምምነት ተዘጋ።

የአንድሮይድ ራስጌዎች

አንድሮይድ የሊኑክስን ከርነል ቢጠቀምም የሲ ላይብረሪው ባዮኒክ የተባለ የጉግል ሥራ ነው። ባዮኒክ የሚሰራጨው ምንጭ ኮድ መግለጥን በማያስገድድ ፈቃድ ነው። ለእርሱ የሚያስፈልጉት የከርነል ራስጌዎች አስተያየቶችንና ሙሉ ተግባራትን በሚያስወግድ ፕሮግራም ይጣራሉ፤ በተጣራው ፋይል አናት ላይም የቅጂ መብት የሚጠበቅለት ይዘት የለውም የሚል ማስታወቂያ ይለጠፍ ነበር።

በማርች 2011 ኤድዋርድ ኖተን የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ባለሙያ ይህ አሠራር ጂፒኤልን የሚጥስ ሊሆን እንደሚችል ጻፈ። እርሱ እንደሚለው አስተያየት ማስወገድ የቅጂ መብትን አያስቀርም፤ ራስጌዎቹን የሚጠቀሙ የአንድሮይድ ፕሮግራሞችም ለአደጋ ሊጋለጡ ይችላሉ። ቶርቫልድስ ክሱን መሠረተ ቢስ ሲል አጣጣለው። የነጻ ሶፍትዌር ንቅናቄ መሥራች ሪቻርድ ስቶልማን ቀደም ሲል የሰጠው አስተያየትም በክርክሩ ተጠቅሷል፤ እርሱ ቁጥሮችን፣ ቅርጾችንና አጫጭር ማክሮዎችን ብቻ መውሰድ የተወለደ ሥራ አያደርግም ባይ ነበር። የጂፒኤል ታናሽ ወንድም የሆነው የኤልጂፒኤል ፈቃድ ስሪት 2.1 ይህንኑ በጽሑፍ አስፍሮታል፤ ቁጥሮችን፣ የመረጃ ቅርጾችን፣ ትናንሽ ማክሮዎችንና ከአሥር መስመር ያልበለጡ ተግባራትን ብቻ የተጠቀመ ፋይል በፈቃዱ አይገደድም።

የፍርድ ቤቶች አቋም

በራስጌ ፋይሎች ዙሪያ ያለውን አስተሳሰብ የቀረጹ ሁለት ታላላቅ ውሳኔዎች አሉ። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤት በሜይ 2012 በሳስ ኢንስቲትዩትና በወርልድ ፕሮግራሚንግ መካከል በነበረው ጉዳይ የፕሮግራም ተግባር፣ የፕሮግራም ቋንቋና የፋይል ቅርጽ በፕሮግራም ቅጂ መብት እንደማይጠበቁ ወሰነ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ በኤፕሪል 5 ቀን 2021 በጉግልና በኦራክል ጉዳይ 6 ለ2 በሆነ ድምፅ፣ ጉግል ወደ 11,500 የሚጠጉ የጃቫ መግለጫ መስመሮችን መውሰዱ ፍትሐዊ አጠቃቀም ነው አለ። ይሁን እንጂ እንዲህ ያሉ መግለጫዎች የቅጂ መብት አላቸው ወይስ የላቸውም የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ አልፎታል። ስለዚህ ጥያቄው በአሜሪካ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም።

ሌሎች ስርዓተ ክወናዎች

ክርክሩ በሊኑክስ ላይ የበረታው ከርነሉና የሲ ላይብረሪው በተለያዩ ቡድኖች ስለሚሠሩ ነው። በኦፕን ቢኤስዲና በፍሪ ቢኤስዲ ሁለቱም በአንድ ቡድን፣ በአንድ ምንጭ ኮድ ውስጥ ስለሚጻፉ አብረው ይለወጣሉ። ኦፕን ቢኤስዲ ከዚህ አልፎ በ2024 በወጣው 7.5 ስሪቱ የሥርዓት ጥሪን በቁጥር የሚጠራውን አጠቃላይ ተግባር ከነጭራሹ አስወግዷል።

በማክኦኤስ አፕል ቃል የሚገባው ለሥርዓቱ ላይብረሪ እንጂ ለጥሪ ቁጥሮች አይደለም። የጎ ቋንቋ ገንቢዎች ከርነሉን በቀጥታ ይጠሩ ስለነበር በ2016 የወጣው የማክኦኤስ ስሪት ፕሮግራሞቻቸውን አበላሸባቸው። ስለዚህ ከ2019ኙ ጎ 1.12 ጀምሮ በላይብረሪው በኩል ማለፍ ጀመሩ። በዊንዶውስም የጥሪ ቁጥሮች ከስሪት ስሪት ይለዋወጣሉ፤ ማይክሮሶፍት ለተራ ፕሮግራሞችና ለነጂ ጸሐፊዎች የተለያዩ የራስጌ ጥቅሎችን ያቀርባል።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚጠበቀው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። አዋጁ ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል ይቆጥረዋል፤ ሐሳብን፣ አሠራርንና ዘዴን ግን ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። ስለ ራስጌ ፋይሎች በተለይ የሚናገር ድንጋጌ ስለሌለው፣ አንድ የቁጥሮች ዝርዝር «ሥራ» ነው ወይስ «ዘዴ» የሚለው ጥያቄ በዚህ አጠቃላይ መለያ የሚታይ ይሆናል። የሊኑክስን ከርነል በያዘ መሣሪያ ላይ የራሱን ሶፍትዌር ጽፎ ለሚሸጥ ኢትዮጵያዊ ድርጅት ዋናው ጥንቃቄ ሥራው ተራ ፕሮግራም ነው ወይስ የከርነል ሞጁል የሚለውን መለየት ነው።

የላይብረሪውና የከርነሉ የሥራ ክፍፍል በአማርኛ ተጠቃሚዎች ዘንድም ይታያል። አንድ የሊኑክስ ፕሮግራም የሳምንቱን ቀን «ሰኞ» ብሎ ሲጽፍ ስሙን ያገኘው ከከርነሉ ሳይሆን በጂሊብሲ ውስጥ ካለው የአማርኛ የአካባቢ መረጃ ነው። ላይብረሪው ለግዕዝ፣ ለትግርኛ፣ ለኦሮምኛ፣ ለሲዳምኛና ለወላይትኛም ተመሳሳይ መረጃ ይዟል። ከርነሉ ቀኑን የሚያውቀው በሰከንዶች ቁጥር ብቻ ነው።

ራስጌዎች የግድ የሚያስፈልጉበት የተለመደ አጋጣሚ የገመድ አልባ ኔትወርክ ነጂ ነው። ለምሳሌ በጌዴኦ ዞን ጨለለቅቱ ከተማ የሚኖር ተማሪ፣ ነጂው በከርነሉ ውስጥ ያልተካተተ የዋይፋይ መሣሪያ ገዝቶ ኡቡንቱ ላይ ሊጭን ቢፈልግ ሞጁሉን ለመተርጎም የከርነል ራስጌዎች ያስፈልጉታል። ራስጌዎቹን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የሚመጣው በዚያው ዋይፋይ ነው። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የሞባይል ስልክን ኢንተርኔት በዩኤስቢ ገመድ ለኮምፒውተሩ ማጋራት ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ነጂ በከርነሉ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ጥቅሎቹን ዲላ ወይም ሌላ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ነው። በሁለተኛው መንገድ አስቀድሞ «ዩኔም -አር» የሚለውን ትእዛዝ ጽፎ የከርነሉን ስሪት እስከ መጨረሻው ቁጥር መመዝገብ ያስፈልጋል። የአንድ ቁጥር ልዩነት ያለው ራስጌ ሞጁሉን ያለ ስህተት ሊተረጉመው ይችላል፤ ከርነሉ ግን ሞጁሉን አልቀበልም ይላል።

በተግባር የተለመደው መመሪያ

ክርክሩ ባይዘጋም አብዛኞቹ ገንቢዎች የሚስማሙባቸው ነጥቦች አሉ።

- አንድ ተግባር በሲ ላይብረሪ ውስጥ ካለ የላይብረሪውን ራስጌ መጠቀም ይመረጣል።
- ላይብረሪው የማያቀርበው ነገር ሲያስፈልግ የተጣሩት ውጫዊ ራስጌዎች ይጠራሉ፤ የውስጥ ራስጌዎች በተራ ፕሮግራም ውስጥ አይገቡም።
- የከርነሉንና የላይብረሪውን ራስጌ በአንድ ፋይል መደባለቅ ግጭት ካመጣ፣ የከርነሉን ራስጌ የሚጠቀመውን ክፍል ለብቻው በሌላ ፋይል መጻፍ ይረዳል።
- ራስጌን ወደ ራስ ምንጭ ኮድ የሚገለብጥ ሰው ከየትኛው የከርነል ስሪት እንደወሰደው መመዝገብና በላዩ ያለውን የፈቃድ ምልክት እንዳለ መተው ይኖርበታል።
- የከርነል ሞጁል የሚጽፍ ሰው ለተራ ፕሮግራሞች የተሰጠው ማስታወሻ ለእርሱ እንደማይሠራ ማወቅ አለበት።

ይህንንም ይዩ

- ሊኑክስ
- ስርዓተ ክወና
- ሲ (የፕሮግራም ቋንቋ)
- የቅጂ መብት
- ነጻ ሶፍትዌር